ባዶ የቀሩ ሁለት ቦታዎች

ከቅርያት ጋት ባቡር በጧት ተሳፍረን፣
አንድ ሺህ ስምንት መቶ ሸቀል በፖስታ ቋጥረን፣
ቤርሼባ ወረድን፣ እኔና የልጅ ልጄ፤
እሷ ደብተር ይዛ፣ እኔ መነጽሬን በእጄ።

ሞራን ናት፤ ዐሥራ አምስት ሞላት፤
ኮምፒውተር በእጇ መገጣጠም ነው ስለት ያለባት።
ፕሮሰሰሩን ከጓደኛዋ በግማሽ ዋጋ ገዝታ፣
ሣጥኑን፣ ኃይል ሰጪውን፣ ሚሞሪውን አስልታ፣
ከገጹ መካከል አንድ መስመር ክፍት ትታ፣
«ማዘርቦርድ» ብላ ጽፋለች፣ ሁለቴ አስምራ፤
ዋጋው ገና ያልታወቀ፣ የሌላው ሁሉ አውራ።

«ሉዋሕ ኤም» ይሉታል እዚህ፤ የእናት ሰሌዳ ማለት።
«ለምን እናት ተባለ?» ብዬ ባቡሩ ላይ ጠየቅኋት።
«እሷ ራሷ አታሰላም፣» አለች፣ «ምንም አታስብ፤
ግን እሷ ከሌለች ዝም ነው፣ አይነጋገርም ቤተሰብ።»
«የእኔዋስ ታሰላ ነበር፣» አልኳት፣ «በባቄላ ጥሬ፤
አንዲት ብሰርቃት እንኳ ታውቃለች የጎደለችውን ፍሬ።»

ግሪሻ ከኦዴሳ ነው፤ ሱቁ ከገበያው ጀርባ፣
ሦስት ደረጃ ወደ ታች ተወርዶ የሚገባ።
መጀመሪያ ያወጣት እንደ ሙሽራ ያጌጠች፣
ጥሩር የለበሰች፣ ቀይና ሰማያዊ የምታበራ ነበረች።
ዘጠኝ መቶ ሸቀል! «እንደ ቤትሽ...» ብዬ ስጀምር
ሞራን ተረቱን ከአፌ ነጠቀች፤
«እንጂ እንደ ጎረቤትሽ» ብላ፣ በዕብራይስጥ ቅላጼ፣
ሣጥኗን ቀስ አድርጋ ዘጋች።

ሁለተኛዋ ያገለገለች፤ ሁለት መቶ አርባ ብቻ።
ፕሮሰሰሩ ከሚያርፍበት፣ ከሺህ መርፌዎች ዳርቻ
አንዲቱ አንገቷን ደፍታለች።
«ከተሸጠች አትመለስም፣» አለ ግሪሻ፤ «እወቁት።»

ጎንደር ላይ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበርኩ፣ ሃያ ሁለት ዓመት፤
ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ ነበር ስይዝ የኖርኩት።
«ወረንጦ ስጠኝ» አልኩ። ሰጠኝ። ጎንበስ አልኩ።
ትንፋሼን ያዝኩ።
ጣቴ ግን፣ ጣቢያ እንዳጣ የሬዲዮ መርፌ፣ ዋለለ።
ሞራን አየች። ግሪሻም አየ፤ ዘወር ብሎ
ያልጮኸ ስልኩን አነሳና «ሃሎ» አለ።
«ትቅር፣» አልኩ፤ «አንገት የደፋ ነገር ሆዱ አይታወቅም።»
ማንም አላመነኝም፤ ማንም ግን አልሳቀም።

ሦስተኛዋ አራት መቶ ሃያ። ጌጥ የላት፣ መብራት የላት።
እንደ ልማዴ ኮንደንሰሮቿን አንድ በአንድ አየሁላት፤
ሆዳቸው አልተነፋም። ሶኬቷም ለፕሮሰሰሩ ልክ ነው።
ለሚሞሪ አራት ማስገቢያ፤ የእኛ ገንዘብ የሚሞላው ሁለቱን ነው።
«ሁለቱስ?» አልኩ። ሞራን በእርሳስ ጻፈች፦ «ለሲግድ።»
ትንሽ አሰበችና ጨመረች፦ «ካልሆነም ለሚቀጥለው ሲግድ።»

ማታ ከምግብ ጠረጴዛው ላይ፣ የቧንቧ ብረት አስነክቻት፣
ዘጠኝ ብሎን አጠበቀች፤ እኔ ባትሪ ያዝኩላት።
ድምፅ ማውጫ ስላልነበራት፣ ከአሮጌ ሬዲዮዬ ነቅዬ
አንዲት ስፒከር ሰጠኋት፤ ሽቦዋን በጥርሴ ልጬ።

ማራገቢያው ዞረ። ስክሪኑ ግን ጨለማ።
ደቂቃ ሄደ፤ የፍሪጁ ድምፅ ብቻ የሚሰማ።
ከዚያ ሦስት ጊዜ ጮኸች። ጩኸት አውቃለሁ፤ ይህ የሕመም ነው።
«ሚሞሪው አልተቀመጠም፤ አጥፊና ሳትፈሪ ተጫኚው፣
ቀጭ እስኪል።»

ቀጭ አለ።

አሁን አንዴ ብቻ ጮኸች፤ አጭር፤ እንደ ሕፃን ስቅታ።
ስክሪኑ ነጣ። ሞራን አልዘለለችም፤ ደብተሯን ከፍታ
የተረፈውን ደመረች፦ ሠላሳ አንድ ሸቀል።
እኔ ባትሪውን አላጠፋሁም፤ ዓይኔ ከውስጥ አልወጣ አለኝ፤
ሁለት ባዶ ቦታ፣ ጎን ለጎን፣
ጥርስ እንደሚጠብቅ ድድ።